የራሱን ጽሑፍ ለማካፈል ፈቃድ የሚጠይቀው ተመራማሪ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ጣና እምቦጭ የተሠራ ጥናት ኢንተርኔት ላይ አግኝታ ልትከፍተው ስትል ከ30 ዶላር በላይ ክፈዪ አላት። «ቲቸር፣ ያጠናው እኮ የእኛው ሰው ነው፣ ሐይቁም የእኛ። ለማን ነው የምከፍለው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ታሪክ ስላለው ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ተመራማሪ ጥናቱን ለጆርናል ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም አይከፈለውም። የሚገመግሙለት ባልደረቦቹም በነፃ ነው የሚያነቡለት። ጽሑፉ ካለፈ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው የሚያስረክብ ውል ይፈርማል። ከዚያ ወዲያ የገዛ ጽሑፉን ለሰው ለማካፈል የአሳታሚውን ደንብ ማየት ሊኖርበት ነው!

ድሮ ደንቡ ጠበቅ ያለ ነበር። በ1969 የታዋቂው የአሜሪካ የሕክምና ጆርናል፣ የኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን፣ ዋና አዘጋጅ ፍራንዝ ኢንገልፊንገር ሌላ ቦታ የወጣን ጥናት አላትምም አለ። ሌሎችም ተከተሉት።

የፊዚክስ ሰዎች ግን የተለየ ልማድ ነበራቸው። ጽሑፋቸው ገና ሳይታተም ቅጂውን በፖስታ ይላላኩ ነበር። በ1991 ፖል ጊንስፓርግ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በሎስ አላሞስ ሆኖ ይህንኑ ልማድ ወደ ኮምፒውተር አመጣው። መጀመሪያ በኢሜይል ነበር፤ ዛሬ አርካይቭ የምንለው እሱ ነው። አሳታሚዎቹ ምን ያድርጉ? ጸሐፊዎቻቸው በሙሉ እዚያ ገብተዋል፣ ጽሑፋችሁን አንቀበልም ቢሉ ምን ሊያትሙ ነው? ዝም አሉ፣ ቀስ በቀስም ደንባቸውን አስተካከሉ። እንደ እኔ አሳታሚዎቹን ያለሰለሳቸው ደግነት ሳይሆን የተመራማሪዎቹ አለመጠበቅ ነው።

በ1994 ስቴቫን ሃርናድ፣ ሁሉም ተመራማሪ ጽሑፉን ራሱ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጥ ብሎ ጻፈ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2004 ትልቁ አሳታሚ ኤልስቪየር ጸሐፊው የመጨረሻ ረቂቁን በራሱ ወይም በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ እንዲያስቀምጥ ፈቀደ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የተፈቀደው ረቂቁ እንጂ አሳታሚው አስውቦ ያዘጋጀው ፒዲኤፍ አይደለም። ገምጋሚዎች አይተውት፣ ታርሞ፣ ተቀባይነት ያገኘው የጸሐፊው ፋይል ማለት ነው። ሐሳቡ አንድ፣ ልብሱ ሌላ እንደማለት። በ2013 ያንኑ ባለ ልብሱን ፒዲኤፍ አካዳሚያ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የጫኑ ብዙ ተመራማሪዎች ከኤልስቪየር «አውርዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ረቂቁም ቢሆን ብዙ ጊዜ የእገዳ ወራት አለበት፤ ስድስት ወር፣ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

በእኛም አገር በ2019 የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ ወጥቷል። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በክፍት ቋት ይቀመጥ ይላል። ብዙ መምህራን ግን ውሉን ሳያነቡት ይፈርሙና ረቂቁን ላፕቶፓቸው ላይ ይተዉታል። (ላፕቶፑ የተሰረቀ ቀንስ?)

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የጥናቱን ርዕስ ሙሉውን ገልብጠሽ ፈልጊ፣ ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፊለት አልኳት። ጻፈችለት። በሦስተኛው ቀን ረቂቁን ላከላት፤ ሰንጠረዦቹ መጨረሻ ላይ የተከመሩ፣ ዳር ዳሩ ባዶ የሆነ የወርድ ፋይል። አንብባ ጨርሳ አሁን ሁለተኛ ጥያቄ ልካልኛለች፣ እሱን ደግሞ እኔም አልቻልኩትም።