ከቆጣሪው ወዲህ

የኤሌክትሪክ ታሪካችን ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መንግሥት ተነሥቶ ግድብ ላይ ያበቃል። ከቆጣሪው ወዲህ፣ በየቤታችን ውስጥ ያለውን ታሪክ ብዙም አናነሣውም። እኔም ያሰብሁት ባለፈው ዓመት የጨና ወረዳ ከተማ በሆነችው በዋጫ፣ ልስኑ ገና ባልተጀመረ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ የመብራት መስመር ለመንደፍ ወረቀትና እርሳስ ይዤ በተቀመጥሁ ጊዜ ነው።

የቤቱ እመቤት በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። «ልጄ፣ መብራት ለማስገባት ሥዕል ምን ያደርጋል? አንድ አምፑል ሳሎን፣ አንድ ጓዳ፤ ምጣዱን ከዚያው ላይ መቀጠል ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ምጣዱ የራሱን ሽቦ ይፈልጋል» ብላቸው፣ «ምጣዱስ የመብራት አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለበት። በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተተከለው በ1890 ዓ.ም. ግድም፣ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው መንግሥታቸው ባከተመበት ሰሞን ነበር። ሥራውም ግቢውን ማብራት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣንንም ሕዝቡ «መብራት ኃይል» ብሎ አሳጠረው። ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ በኋላ እንኳ ስሙ ከአፋችን አልወጣም። ኤሌክትሪክ ለእኛ አስቀድሞ መብራት ነው፤ ቤታችንም የተዘረጋው በዚሁ ልክ፣ ለአምፑል በሚበቃ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ምጣዱ ሲከተል ነው። ባለ 60 ዋት አምፑል አምስት ቢበራ 300 ዋት፣ ማለት አንድ ተኩል አምፔር እንኳ አይሞላም። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ ግን በ220 ቮልት 16 አምፔር ግድም ይስባል። ለአምፑል የተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳቱም በጭቃውና በማገሩ መካከል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ይነሣል።

ስለዚህ ንድፉ ዋናው ቁም ነገር መለየት ነው። የአምፑሉ መስመር ባለ 1.5 ሽቦና ባለ 10 አምፔር ብሬከር፣ የሶኬቱ ባለ 2.5፣ የምጣዱ ደግሞ ባለ 4 ሆኖ ለየብቻው ከቆጣሪው አጠገብ ይነሣል። ማጥፊያው በፌዙ ላይ እንጂ በኒውትራሉ ላይ አይገባም፤ አለዚያ አምፑሉ ጠፍቶም የሚነካውን ይመታል። ዝናብ በሚበዛበት በካፋ ምድር ሽቦው በቱቦ ውስጥ ሊያልፍ ይገባዋል፤ ቱቦው የሚቀበረውም ከልስን በፊት ነው።

የካፋን ምድር የሚያዋስነው ጎጀብ ኦሞን ተቀላቅሎ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን የጊቤ 3 ተርባይኖች ያዞራል። እስከ ቆጣሪው ድረስ መሐንዲሶች ብዙ ንድፍ ሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ጥቂት ሜትሮች ግን የባለቤቱ ናቸው፤ ቤት የሚቃጠለውም በአብዛኛው በእነዚህ ጥቂት ሜትሮች ጥፋት ነው።

ለእማማ ይህንኑ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙና፣ «ከተለሰነ በኋላ ሽቦው የት እንዳለ ማን ያውቃል? ልጆቹ ሚስማር ቢመቱበትስ?» አሉ።

«ሥዕሉ ይነግራቸዋል» አልኋቸው።

ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት፤ ከቤቱ ካርታ ጋርም አኖሩት።