ቃለ አጋኖ ፊደል የሆነበት ታሪክ

መርዶ ሲነገር ወይም የሰው ችግር ሲወራ ከንፈራችንን እንመጣለን። ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይለጠፍና አየሩ ወደ ውስጥ ሲሳብ አንዲት ደረቅ ድምፅ ትሰማለች። ለእኛ ይህች ድምፅ ኀዘን ናት እንጂ ፊደል አይደለችም። በደቡባዊ አፍሪቃ ግን ይህችው ድምፅ እንደ «በ» እና እንደ «መ» ቃል ትሠራለች። የቋንቋ ሊቃውንት ክሊክ ይሏታል። እኅቶችም አሏት፤ አንዷ በጉንጭ በኩል የምትለቀቀው፣ ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያንቀሳቅስባት ናት፤ ሌላዋ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ፣ ቡሽ ከጠርሙስ የተነቀለ የምታስመስለው ናት። ነገሩ ደግሞ ከእኛ በጣም የራቀ አይምሰላችሁ። በኬንያ ጠረፍ የሚነገረው ዳሃሎ የኦሮምኛና የሶማልኛ ዘመድ፣ የኩሽ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ክሊክ ያለባቸው ጥቂት ቃላት አሉት።

የእኔ ጥያቄ ግን ስለ አፍ ሳይሆን ስለ ብዕር ነው። ለመሆኑ ይህን ድምፅ ማን ጻፈው? እንዴትስ ጻፈው?

ሆላንዶች በ1652 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኬፕ ላይ ሲሰፍሩ፣ የአገሬውን የኮይኮይን ንግግር ብዙ አውሮፓውያን ተጓዦች ከዶሮ ጩኸት ጋር አመሳሰሉት። የዶሮ ጩኸት ያሉትን ነገር መቼም ፊደል አይቀርጹለትም። ሰውየውን ከሰው ተራ ለማውጣት ቋንቋውን ማውጣት ይበቃ ነበር።

ሥራው የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ በሁለት መንገድ። ኮሳና ዙሉ ክሊክን ያገኙት ከኮይኮይና ከሳን ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጋብተውና ተዋሕደው ነው። በ1823 ለኮሳ ሚሲዮን ማተሚያ መኪና ሲደርስ፣ ከላቲን ፊደል ሥራ ፈተው የተቀመጡት ሲ፣ ኪው እና ኤክስ ለሦስቱ ክሊኮች ተሰጡ። ብልሃቱ ደስ ይለኛል። የእኛዎቹ ጸሐፍትም በግእዝ ያልነበረውን ድምፅ ለመጻፍ ከ«ሰ» ላይ «ሸ»ን፣ ከ«ተ» ላይ «ቸ»ን አወጡ እንጂ ባዕድ ምልክት ፍለጋ አልሄዱም። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በሲና በኪው ጋዜጣ ያነባል፣ ደብዳቤ ይጽፋል።

ሁለተኛው መንገድ የሊቃውንት ነው። ጀርመናዊው የግብፅ ጥንታዊ ጽሑፍ አዋቂ ሌፕሲዩስ በ1855 ለዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ይሆናል ያለውን ፊደል ሲያወጣ ክሊኮችን በቋሚ መስመር ጻፋቸው፤ አንድ መስመር ለጥርሱ፣ ሁለት መስመር ለጉንጩ። ከላንቃ ለሚላቀቀው ደግሞ ከማተሚያ ቤቱ ሣጥን ቃለ አጋኖ ተገኘለት። የዓለም አቀፉ የድምፅ ፊደል ማኅበር ግን ለብዙ ዘመን የተገለበጠ ቲ እና እሱን የመሳሰሉ የራሱን ምልክቶች ይዞ ቆይቶ፣ ወደ መስመሮቹ የዞረው በ1989 በኪል ጉባኤው ነው።

እነዚህ መስመሮች ከሁሉ ይበልጥ የሠሩት በአንድ ቤት ውስጥ ነው። በኬፕ ታውን ዊልሄልም ብሌክና ሉሲ ሎይድ ከ1870 ጀምሮ የኻም ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ የሳን እስረኞችን እቤታቸው እያስቀመጡ ተረታቸውን ይጽፉ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ ካቦ ይባላል። ከስሙ ፊት ሁለት ቋሚ መስመር አለ፤ የፈረሰኛው ድምፅ ማለት ነው፤ በእኛ ፊደል የሚጻፍበት መንገድ የለም። የታሰረው በከብት ስርቆት ነው። መሬቱንና አደኑን ሰፋሪ የወሰደበት ሰው ምን ይብላ? ይህ ሽማግሌ የሕዝቡ ተረት በመጽሐፍ መታወቁን ሲያስብ ደስ ይለው ነበር ይባላል። የእሱና የባልንጀሮቹ ቃል ከ12,000 ገጽ በላይ ደብተር ሞላ። ካቦ በ1876 ሞተ፤ ከደብተሮቹ የተውጣጣው መጽሐፍ የታተመው በ1911 ነው። ኻምን አፍ መፍቻው ያደረገ ልጅም ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። ድምፁ እንዲህ በጥንቃቄ ሲጻፍ ሕዝቡ ከምድሩ ላይ ይገፋ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አላስቆመውም።

ደቡብ አፍሪቃ ሚያዝያ 2000 ላይ አዲስ የመንግሥት ዓርማ ስታወጣ መፈክሩን በኻም ቋንቋ ጻፈችው። ልዩ ልዩ ሕዝቦች ይተባበሩ ማለት ነው። የመፈክሩ የመጀመሪያ ፊደል ያ ከማተሚያ ሣጥን የወጣው ቃለ አጋኖ ነው።