የሃዱፕ ኤንኤፍኤስ ጌትዌይ አነሣሥና አወቃቀር

በሃዱፕ የፋይል ሥርዓት የተቀመጠ ሰነድ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎና ተባዝቶ ስለሚገኝ የቢሮ ኮምፒውተር እንደ ተራ ፎልደር ሊከፍተው አይችልም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የኤንኤፍኤስ ጌትዌይ የተሰኘው የሰርቨር ፕሮግራም ነው። ለአብነት ያህል፣ በጉና ተራራ ዙሪያ የሚገኙት የፋርጣና የጉና በጌምድር ወረዳዎች የገጠር መሬት ይዞታ ደብተሮችን ስካን አድርገው ደብረ ታቦር ላይ በተቋቋመ ማከማቻ ቢያኖሩ፣ የወረዳው ባለሙያ ልዩ ትእዛዝ መማር ሳያስፈልገው ሰነዱን ከፍቶ መመልከት ይችላል።

አገልግሎቱ ፖርት መዝጋቢ፣ የማውንት አገልግሎትና የኤንኤፍኤስ አገልግሎት የተባሉ ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በአንድ ፕሮሰስ ይሠራሉ። በቅድሚያ የሊኑክሱ የራሱ ኤንኤፍኤስና ፖርት መዝጋቢ ሊቆሙ ይገባል፤ አለበለዚያ 111 እና 2049 ቁጥር ፖርቶች ተይዘው ይቆያሉ። ከዚያም የሃዱፑ ፖርት መዝጋቢ በሩት ሥልጣን፣ ቀጥሎም ጌትዌዩ በተራ ተጠቃሚ ስም ይነሣሉ። የማውንት አገልግሎቱ በተለምዶ 4242 ቁጥር ፖርትን ይጠቀማል። ሦስቱም በፖርት መዝጋቢው ዝርዝር ውስጥ መታየታቸው ሳይረጋገጥ ለተጠቃሚዎች መክፈት አይመከርም።

ጌትዌዩን የሚያስነሣው ተጠቃሚ ሌሎችን ወክሎ እንዲሠራ በሃዱፕ ዋና የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ መፈቀድ አለበት፤ ፈቃዱ በየትኞቹ ቡድኖችና ኮምፒውተሮች እንደሚወሰንም አብሮ ይጻፋል።

ከሁሉም የላቀ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የመዳረሻ ፈቃዱ ነው። ምንም ካልተቀየረ ማንኛውም በኔትወርኩ ላይ ያለ ኮምፒውተር እንዲያነብና እንዲጽፍ ክፍት ነው። ጌትዌዩም የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ደንበኛው ኮምፒውተር የላከውን የተጠቃሚ መለያ ቁጥር አምኖ ይቀበላል። በመሆኑም የገበሬው የይዞታ ማስረጃ በአንድ የተሳሳተ ኮምፒውተር ሊለወጥ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ባለበት በዚህ ወቅት ይህን እንዳለ መተው ተገቢ አይሆንም። የተፈቀደላቸው ኮምፒውተሮች አድራሻ እየተጠቀሰ፣ በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን በእንግሊዝኛው ድርብ ሰረዝ (;) እየተለየ ይዘረዘራል። ከአድራሻው ጎን የፈቃዱ ዓይነት ካልተጻፈ ማንበብ ብቻ ይፈቀዳል፤ ይህም ለአብዛኞቹ ቢሮዎች በቂ ነው። የመለያ ቁጥሮች በደንበኛውም በጌትዌዩም ላይ አንድ ዓይነት መሆናቸው ይረጋገጥ።

በቅደም ተከተል ያልደረሱ የፋይል ክፍሎች ለጊዜው የሚቀመጡበት ፎልደር በተለምዶ በሊኑክሱ ጊዜያዊ ማውጫ ሥር ነው። እያንዳንዳቸው 100 ሜጋባይት የሆኑ 10 ፋይሎች በአንድ ጊዜ ከተላኩ 1 ጊጋባይት ገደማ ቦታ ሊያስፈልግ ስለሚችል ወደ ሰፊ ዲስክ ማዛወር ይመረጣል። ለዚህ ለውጥ ጌትዌዩን ብቻ ዳግም ማስነሣት ይበቃል። በቅጂ መካከል መብራት ከጠፋ ግን ፋይሉ ሙሉ በሙሉ መግባቱ በመጠኑ ተመሳክሮ እንደገና መላክ ይኖርበታል።

በደንበኛው በኩል ማውንት ሲደረግ የኤንኤፍኤስ ሥሪት 3፣ ቲሲፒ እና ያለ ፋይል መቆለፊያ የሚሉት አማራጮች ይመረጣሉ፤ ጌትዌዩ መቆለፊያን አይደግፍም።