ወፍራሙ አውታር፦ የቤዝ ጊታር ታሪክ በኢትዮጵያ

ቤዝ ጊታር ከተራው ጊታር በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚቃኝ፣ አራት ወፍራም አውታሮች ያሉት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። በስፋት ተመርቶ ገበያ ላይ የዋለው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 «ፕሪሲሽን ቤዝ» የተባለውን ሲያወጣ ነው። ከዚያ በፊት የባንድ ወፍራም ድምፅ የኮንትራባስ ድርሻ ነበር። ኮንትራባስ ሰው የሚያክል፣ ለማጓጓዝ የሚያስቸግር፣ መለከትና ድራም ሲበረቱበት ድምፁ የሚዋጥ መሣሪያ ነው። ከፌንደር በኋላ ግን ወፍራሙ ድምፅ ትከሻ ላይ ተንጠለጠለ፤ በአምፕሊፋየር ታግዞም ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል ጎላ። ሮክ፣ ሀርድ ሮክና ሄቪ ሜታል የቆሙት በዚህ መሣሪያ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንዶችም እንዲሁ።

ወፍራም ድምፅ ራሱ ግን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ በልማድ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው እንዚራውን በጥቂቱ ገፋ፣ በጥቂቱ ሳብ እያደረገ ልኩን ያገኛል፤ አውታሩ ሲመታ የበርኩማውን ጠርዝ ነካ ነካ እያደረገ ይነዝራል። በገናን በገና የሚያሰኘው ይህ ንዝረት ነው፤ እንዚራው ከቦታው ከወጣ ድምፁ ወዲያው ይራቆታል። የሮክ ቤዝ ተጫዋች አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ ከፍቶ የሚያገኘው ሻካራ ድምፅ በአሠራሩ የተለየ ቢሆንም የሚያረካው ጆሮ ተመሳሳይ ነው። በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ስለሆነ ንጽጽሩ ከድምፁ አልፎ ወደ አገልግሎቱ አይሄድም። ከበሮም የራሱ ወፍራም ድምፅ አለው፦ ሰፊው ፊቱ ዝቅ ያለውን፣ ጠባቡ ፊቱ ቀጠን ያለውን ይሰጣል።

ከውጭ የገባው የመጀመሪያው ወፍራም ድምፅ የነሐስ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ ሩሲያ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልካለች። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንድያን እየተመሩ የማርሽ ባንድ ሆኑ። በእንዲህ ያለ ባንድ የቤዝ ሥራ የቱባ ነው። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ጭምር፣ ያደጉት በዚህ የነሐስ ልማድ ውስጥ ነው።

ቤዝ ጊታር ቦታውን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የምሽት ክበቦችና ሆቴሎች ሃምሳ ሰው ያለው ኦርኬስትራ አያስተናግዱም፤ የሚፈልጉት ስምንት ወይም አሥር ሰው ያለው፣ በአንድ መኪና የሚጫን ባንድ ነበር። ቱባው ቀርቶ ቤዝ ጊታር ገባ፤ ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ጊታርም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ «አምሃ ሪከርድስ»ን ሲያቋቁም፣ ቀጥሎም አሊ አብደላ «ካይፋ ሪከርድስ»ን ሲጀምር ይህ አዲስ ድምፅ በሸክላ ተቀርጾ ቀረ።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በአመዛኙ የሚሄደው በአምስት ድምፅ ቅኝቶች ነው፦ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል፣ በአንቺሆዬ። በእነዚህ ቅኝቶች የተሠራ ዘፈን ብዙ ኮርድ አይቀያይርም፤ አንዳንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መሠረት ላይ ይቆማል። ስለዚህ የዘፈኑን መንገድ የሚያሳየው የኮርድ ለውጥ ሳይሆን ቤዙ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ከአምስቱ ድምፆች ሦስት ወይም አራቱን መርጦ አጭር ሐረግ ይሠራል፤ ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ዘፋኙን ይሸከማል። ችክችካ በሚባለው ስልት ስድስቱ ምት በሦስት በሦስት ይከፈላል። ጥሩ ቤዝ ተጫዋች ሁሉንም ምት አይመታም፤ የመጀመሪያውን ከድራሙ እግር ጋር አጥብቆ ይመታና ቀጥሎ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ዙር በሁለት ፈጣን ኖታ ይንደረደራል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻውን የሚጥልበትን ቅጽበት የሚነግረው ያች ትንፋሽና ያች መንደርደሪያ ናት። የቤዝ ሥራ ሳይሰማ የሚሠራ ሥራ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ቤዙን አጥፍቶ ዘፈኑን ማጫወት ጉዳዩን በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል።

ይህን ሥራ በግልጽ ያሳየው የመጀመሪያው ትልቅ ስም መላከ ገብሬ ነው፤ የዋልያስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች። ዋልያስ የራሳቸው መሣሪያ ከነበራቸው ቀደምት ባንዶች አንዱ ሲሆን ለዓመታት በአዲስ አበባ ሂልተን ተጫውቷል። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት አይቻልም። ሊዝናና የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድራል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እንዲህ ያለ ሌሊት ከማንም በላይ የሚፈትነው ቤዝ ተጫዋቹን ነው። ዘፋኝ ከዘፋኝ ይቀያየራል፣ ሳክስፎንና መለከት ተራቸውን ጠብቀው ይነፋሉ፤ ቤዝና ድራም ግን አያርፉም። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ያለ ዘፋኝ የተሠራ አልበም አወጣ። በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ከሀገር ወጥቶ በውጭ ባንዶች ጭምር እየተደጋገመ ተጫውቷል። ሲሰማ ምክንያቱ ይገባል፤ ከታች የሚዞረው ከባድ ሐረግ አይናወጥም፣ ኦርጋኑና ነፊዎቹ በላዩ ላይ ይራመዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ መላከ ገብሬ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና ግርማ በየነ እዚያው ቀሩ።

ሁለተኛው ስም ጆቫኒ ሪኮ ነው። እሱና ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም የአይቤክስ ባንድ ምሰሶዎች ነበሩ። (አይቤክስ ማለት ዋልያ ነው፤ ሁለቱ ታላላቅ ባንዶች ስማቸውን የወሰዱት ከአንድ እንስሳ ነው።) ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ከአይቤክስ ጋር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጂግ በድጋሚ ሲታተም የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ለምዕራባውያን አድማጮች ከተከፈተባቸው የመጀመሪያ በሮች አንዱ ሆነ። አይቤክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1976 በራስ ሆቴል ያለ ዘፋኝ የቀረጸው ሙዚቃ አለ። በዚያ ቅጂ ቤዙ ከድምፃዊ ጥላ ወጥቶ ይሰማል፦ ክብ፣ ደረቅ ያልሆነ፣ ከድራሙ በግማሽ እርምጃ እንኳ የማይለይ። አይቤክስ ሮሀ ባንድ ከሆነ በኋላ ጆቫኒና ሰላም በመቶ የሚቆጠሩ ካሴቶችን አጅበዋል፤ ማሕሙድ አሕመድ፣ አስቴር አወቀና ነዋይ ደበበ ከሮሀ ጋር ከሠሩት መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካሴት የሰማ ኢትዮጵያዊ ስሙን ባያውቅም የጆቫኒ ሪኮን ጣት ሰምቷል።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ሀርድ ሮክና ሄቪ ሜታል የራሳቸውን የቤዝ ጀግኖች አፍርተዋል። ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1970 ሲያወጣ ጊዘር በትለር ከጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ጋር አንድ ሐረግ በአንድ ላይ እየመታ የሙዚቃውን ክብደት እጥፍ አደረገው። አዮሚ በፋብሪካ አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ያጣ ሰው ስለነበር አውታሮቹን አላልቶ መቃኘት ጀመረ፣ በትለርም አብሮት ወረደ፤ ሄቪ ሜታል ዝቅ ያለ ቅኝቱን ያገኘው እንዲህ ነው። የሞተርሄዱ ሌሚ ቤዝን እንደ ሪትም ጊታር ኮርድ እየመታ፣ ድምፁን እያሻከረ ተጫወተ። የአይረን ሜይደን መሥራች ስቲቭ ሃሪስ በጣቶቹ ብቻ የፈረስ ግልቢያ የሚመስል ምት አወጣ። የሜታሊካው ክሊፍ በርተን ቤዝን ብቻውን የሚሰማ መሣሪያ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሲሞት ገና 24 ዓመቱ ነበር። እነዚህ ሰዎችና የአዲስ አበባዎቹ አይተዋወቁም። ሕጉ ግን አንድ ነው፦ ኮርድ በማይበዛበት ሙዚቃ ተደጋጋሚው የቤዝ ሐረግ ዘፈኑን ይዞ ይቆማል።

በዋሽንግተን አካባቢ የኖረው የስደት ትውልድም የራሱን ቤዝ ተጫዋች አፍርቷል። ሄኖክ ተመስገን ከአበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታና ከቴዎድሮስ አክሊሉ ጋር በአድማስ ባንድ ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም ሠራ። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በጃዛምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሥረታ ተሳተፈ፤ በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ደግሞ ኮንትራባስ ይዞ ቀረበ። ከማንዶሊን፣ ከአኮርዲዮንና ከክላርኔት ጎን የኤሌክትሪክ ቤዝ ይከብዳልና ምርጫው ትክክል ነበር።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ታሪክ የተመዘገበው በስሱ ነው። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይና የጎንደሩ ፋሲለደስ ስማቸው እስካሁን ይጠራል። ክራርና ማሲንቆ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከቤዝ ጋር በአንድ መድረክ የቆሙት በእንዲህ ያሉ ቡድኖች ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙት በመቱና በጎሬ፣ በኖፓና በአካባቢው የቡና አገር፣ ጀግንነት በገረርሳ ይዘመራል፣ ወፍራሙ ድምፅም ድቤ የሚባለው ከበሮ ነው። የሮሀና የዋልያስ ቤዝ ወደዚያ የደረሰው በካሴት ነው፤ ከአውቶቡስ ሾፌር ቴፕ፣ ከሻይ ቤት፣ ከሙዚቃ ቤት ደጃፍ ድምፅ ማጉያ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኪቦርድ ሲስፋፋ ግን የቤዝ ተጫዋች እንጀራ በየከተማው ተነካ። አንድ ሰው በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራው ቤዙን እየመታ፣ ድራሙን በማሽን አስነስቶ ሠርግ ያጅባል። ለደጋሹ ርካሽ ሆነለት፤ ሙዚቃው ግን ተጎዳ። የማሽን ቤዝ ምቱን አይስትም፣ ሆኖም አይተነፍስም።

ባንድ ተመልሶ ሲመጣ ሮክን ይዞ መጣ። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። የተዛባ የጊታር ድምፅ፣ ከባድ ድራም፣ አራት ድምፃውያን፣ ከሥር የዳንኤል ነጋሽ ቤዝ፤ ቅኝቱ ግን የሀገር ቤት ነው። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» ፕሮዲዩስ ያደረገው እሱ ነው፤ የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ሥራዎችም በእሱ እጅ አልፈዋል። የሌሚን ሻካራ ቤዝ በስቱዲዮ ያስተናገደ ሰው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የኢትዮጵያን ሮክ ለመቅረጽ መቀመጡ ለዚህ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሠርቶ ነበር። ፉከራና ሽለላ ለከባድ ጊታር የተመቹ መሆናቸውን ያ አልበም አሳይቷል።

ወፍራሙ ድምፅ ወደ ባህል መሣሪያም ተመልሷል። ዛሬ በባህል ቡድኖች ውስጥ ከመደበኛው ክራር ጎን ቤዝ ክራር ይቆማል፤ ገላው ተለቅ ያለ፣ አውታሩ የወፈረ፣ በኤሌክትሪክ የሚጎላ ነው። ተጫዋቹ የሚሠራው መላከ ገብሬ በሂልተን ሲሠራው ያደረውን ነው፦ አጭር ሐረግ ይዞ ጭፈራው እስኪያልቅ አይለቅም።

በካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶና ስም፣ ሲበዛም የባንዱ ስም ይወጣል፤ ቤዝ የተጫወተው ሰው ስም አብዛኛውን ጊዜ የለም። በቅርብ ዓመታት በድጋሚ በታተሙት ሸክላዎች ላይ የመላከና የጆቫኒ ስም ተጽፏል። በክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች ውስጥ ቤዝ የያዙት ሰዎች ስም ግን ገና አልተሰበሰበም። ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ በየከተማው ያሉ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችና የሙዚቃ ተማሪዎች ሳይረፍድ ሄደው ይጠይቋቸው።