ዐቃቤ ሰዓትና የክረምት መውጫ ሰማይ

በሐይቅና በአምባሰል አገር ከዋክብትን ለመመልከት ለሚሻ ሰው የክረምትን ያህል ባላንጣ የለም። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደመናው በተራሮቹ ላይ ይተኛል፤ በሐምሌማ አንዲት ኮከብ ሳትታይ ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። ከቡሄ በኋላ ክረምት የለም ሲባል ብንሰማም የወሎ ደመና ለዚህ አባባል ሁልጊዜ አይታዘዝም። ያም ሆኖ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ በዝናብና በዝናብ መካከል ሰማዩ የሚከፈትባቸው ሌሊቶች ይመጣሉ፤ አየሩም በዝናቡ ታጥቦ አቧራና ጢስ ስለማይኖርበት ከበጋው ሰማይ ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሌሊቶች ነው፤ በእነርሱም ምክንያት ስለ አንድ አሮጌ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በአገራችን ዘመንን ሲቆጥሩ የኖሩት ሊቃውንት የሚመለከቱት ሰማዩን ነበር ወይስ መጽሐፉን? የሚል ነው።

ጥያቄውን ከሐይቅ መጀመር ያለ ምክንያት አይደለም። በሐይቁ ውስጥ ደሴት በነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘው ስፍራ ላይ የሚገኘውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የተሰጠው አራቱ ወንጌል ዘመናቸው በውል ከታወቀ የግዕዝ ብራናዎች መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዐፄ ይኩኖ አምላክ መነሣት በኋላም የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል የማዕርግ ስም ይዞ ይኖር ነበር። ስሙ ሲተረጐም የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። እርግጥ ሹመቱ የቤተ መንግሥት እንጂ የሰማይ ተመልካች ሹመት አልነበረም፤ ዐቃቤ ሰዓቱ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆም ታላቅ ባለሥልጣን ነበር። ቢሆንም ማዕርጉ ከአንድ ገዳም ጋር መያያዙ ሰዓትን መጠበቅ የማን ሥራ ነው ተብሎ ይታሰብ እንደነበር ያመለክታል። በዚሁ ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም በሌሊት የሚጸለየው የመጽሐፈ ሰዓታት ደራሲ ናቸው ይባላል።

ቀን ሲሆን ሰዓት በጥላ ይለካል፤ ጥላን በእግር የሚለኩበት ሠንጠረዥ በግዕዝ መጻሕፍት ይገኛል። ሌሊትስ? ሰማዩ በተከፈተ ጊዜ ከዋክብት አሉ፤ በተዘጋ ጊዜ ግን ከዶሮ ጩኸትና ከመነኮሳቱ ልምድ በቀር ምን ነበር? በክረምት ሦስት ወር ያህል ሰማዩ የሚጋረድበት አገር ዘመኑን በቁጥር ላይ ቢመሠርት አያስደንቅም።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያጐላው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። በሙሉነቱ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቍራጮቹ ተገኙ። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ብርሃናት ጉዞ ያትታል፤ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብም በስድስት በሮች ትገባለች። በዚህ ስሌት ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ሌሊት እጥፍ ነው፤ ቀኑ 12 ክፍል ሲሆን ሌሊቱ 6 ይሆናል። ይህ በእኛ ሰዓት 16 እና 8 ማለት ነው። በሐይቅ ግን ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩም 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ ለዘመናት የገለበጡት ሠንጠረዥ የእነርሱን ሰማይ አይገልጽም። የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የግዕዙን የሥነ ፈለክና የዘመን ቈጠራ ጽሑፍ በሰፊው መርምሮ እንዲህ ያለው ስሌት ከባቢሎን የመጣ ጥንታዊ ቅርስ መሆኑን አሳይቷል። ይህን እንደ ነቀፌታ የሚቈጥር ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን አልቈጥረውም። የመጽሐፉ ጠባቂዎች ባያርሙት ኖሮ ነው ዓለም ያገኘው።

አሁን ወደ ሰማዩ እንመለስ። በነሐሴ 20 ገደማ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሐይቁ ዳር ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ጅራቱን የቈለመመውን ዐቅራብን ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ያያል፤ በመካከሉ የምትቀላው ኮከብ አንታሬስ ስትሆን ዐረቦች የጊንጡ ልብ ይሏታል። ከእርሱ በስተምሥራቅ ቀውስ አለ። ፍኖተ ሐሊብ እጅግ የሚደምቀው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ የጋላክሲያችን መካከል በዚያ በኩል ነውና። ይህ ስፍራ በሐይቅ ሰማይ ከአድማስ እስከ አናት ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ ከፍ ይላል፤ በለንደን ግን ከአድማስ እምብዛም አይርቅም። በሰሜን በኩል ቬጋ፣ ወደ አናታችን ቀረብ ብሎ ደግሞ አልታይር ያበራሉ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትቆም ከተራራ ሥር ሆኖ ለሚፈልጋት ትሰወርበታለች። ነሐሴ 6 እና 7 የሚበዙት ተወርዋሪ ከዋክብት አብዛኛውን ጊዜ ከደመናው በላይ ያልፋሉ፤ የታደለ ያያቸዋል።

ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ሚዛን፣ ሑት የሚሉት ስሞች በዐውደ ነገሥትና በመሰሎቹ የሚገኙ የዐረብኛ ቃላት ናቸው። በወሎ ምድር የደብተራውም መጽሐፍ የሼኩም ኪታብ ከዋክብትን በአንድ ስም መጥራታቸው ብዙ ያልተነገረለት ጉዳይ ነው።

ሌሊት ተነሥቶ የሚጠብቅ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ኦሪዮንን፣ በ9 ሰዓት ገደማ ደግሞ ከከዋክብት ሁሉ ብሩህ የሆነውን ሲርየስን በምሥራቅ ሲወጡ ያገኛቸዋል። የጥንት ግብፃውያን ዘመናቸውን ያያያዙት ሲርየስ በንጋት ዳግመኛ ከሚታይበት ጊዜና ከዓባይ ሙላት ጋር ነበር። ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው 12 ወሮችና አምስት ጭማሪ ቀኖች ከእነርሱ በእስክንድርያ በኩል ወርሰናቸዋል። ጳጉሜን የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ጭማሪ ማለት ነው። የሙላቱ ውኃ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ መሆኑን፣ ከወሎም በሽሎ ድርሻውን እንደሚያዋጣ ስናስብ፣ የዘመን መለወጫው መንገድ ወደ መነሻው የተመለሰ ይመስላል።

የቀረው የጨረቃ ነገር ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በባሕረ ሐሳብ የ2018 ዓ.ም. ስሌት እነሆ፦ 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። በዓለ መጥቅዕ፣ ማለትም በስሌቱ የአይሁድ የመለከት በዓልና የወሩ መባቻ፣ መስከረም 18 ዋለ ማለት ነው። በሰማዩ ግን ጨረቃ የታደሰችው መስከረም 11 ሌሊት ነበር፤ ቀጭን ጨረቃ በምዕራብ በዓይን በቀላሉ የምትታየው መስከረም 13 ምሽት ሲሆን፣ መስከረም 18 ምሽት ግን ግማሽ ለመሆን የቀራት አንድ ቀን ያህል ነበር።

ስሕተቱ የቈጣሪው አይደለም። አሥራ ዘጠኙ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወሮች አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ይህም በ300 ዓመት ከጥቂት በላይ አንድ ቀን ይሆናል። ስሌቱ ከጸናበት ከ4ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተጠራቀመው አምስት ቀን ያህል ነው። በሐይቅ ከተማ ሙስሊሙ ጎረቤት ወሩን የሚጀምረው ጨረቃዋን በዓይኑ አይቶ ነውና፣ በአንድ ሰማይ ሥር ሁለት የጨረቃ ዕድሜ ይነገራል። ባሕረ ሐሳብ በዓላትን በመላው አገር በአንድ ቀን ለማዋል የተሠራ ድንቅ ስምምነት ነው፤ በደመና ሥር ያለው ደብርም ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ያለውም በአንድ ቀን እንዲጾሙ አድርጓል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ከሰማዩ ጋር አንዲት ዝንፍ የማይል ሥነ ፈለክ ነው ብለን ስናስተምር፣ አንድ ቀን ቀና ብሎ የሚያይ ተማሪ ይጠይቀናል፤ መልስ ካጣንም የሚጠራጠረው እኛን ብቻ ሳይሆን ቅርሱን ጭምር ነው።

በ2019 ዓ.ም. መጥቅዕ 7 ስለሆነ በዓሉ በጥቅምት 7 ይውላል። በጥቅምት የአምባሰል ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ በዚያ ምሽት በደቡብ በኩል የምትገኘው ጨረቃም ግማሽ ልትሆን የተቃረበች ናት።