ዘካ፣ ሶደቃ እና ወቅፍ በሆስፒታል፦ ታካሚው፣ ባለሙያው እና ምርምሩ ከየትኛው ገንዘብ ይደገፋሉ?

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂዶቻችን በር ላይ የሕክምና ማስረጃ ይዞ የሚቆም ሰው የማናይበት ሳምንት ጥቂት ነው። ወረቀቱ ላይ የሆስፒታል ማኅተም አለ፤ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። አልሐምዱሊላህ፣ የሕዝባችን እጅ ለእንዲህ ያለው አይታጠፍም። ነገር ግን አብዛኛው ሰጪ የሰጠው ዘካ ይሁን ሶደቃ አይናገርም፤ ሰብሳቢውም አይጠይቅም። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል እንጂ ገንዘቡ ለማን ሊውል እንደሚችል የሚወስነው እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሦስቱን የገንዘብ ዓይነቶች ድንበር፣ ሙስሊሞች በታሪክ ሆስፒታሎቻቸውን እንዴት እንዳስተዳደሩ እና ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ተቋማት ምን እንደሚያስተምሩን እንመለከታለን።

ሕመም ብቻውን ለዘካ አያበቃም

ዘካ የሚወጣው ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት ሀብት ነው። ኒሷቡ በወርቅ 85 ግራም፣ በብር ማዕድን 595 ግራም ሲሆን የሚወጣው 2.5 በመቶ ነው። ተቀባዮቹን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አት-ተውባ አንቀጽ 60 በስምንት ክፍል ዘርዝሯቸዋል። ልብ በሉ፤ ከስምንቱ ውስጥ «ሕመምተኛ» የሚል ክፍል የለም። ታካሚ ዘካ የሚገባው ፈቂር ወይም ሚስኪን ሲሆን፣ ወይም ለሕክምና ተበድሮ መክፈል አቅቶት ከባለ ዕዳዎች ሲቆጠር ነው። ሀብታም ሰው የቱንም ያህል ቢታመም ዘካ አይገባውም። በሌላ በኩል ደመወዝ ያለው፣ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው የልብ ቀዶ ሕክምና ታዞለት ክፍያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ፣ ለዚያ ጉዳይ ችግረኛ ነውና ከዘካ ሊረዳ እንደሚችል በርካታ የዘመናችን ዑለሞች ይገልጻሉ። «እርሱ እኮ ሥራ አለው» ተብሎ የሚመለስ ሰው ስላለ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ «ተምሊክ» ነው። በአራቱ መዝሀቦች ዘንድ በሚታወቀው አቋም የድሃው ድርሻ ለድሃው ንብረት ሆኖ መድረስ አለበት። ስለዚህ በዘካ የሆስፒታል ሕንፃ መገንባት፣ የራጅ መሣሪያ መግዛት ወይም የነርስ ደመወዝ መክፈል ብዙኃኑ ዑለሞች አይፈቅዱም። በአንቀጹ ውስጥ የተጠቀሱት «ሠራተኞች» ዘካን የሚሰበስቡና የሚያከፋፍሉ እንጂ የሆስፒታል ሠራተኞች አይደሉም። «ፊ ሰቢሊላህ» የሚለውን ክፍል አስፍተው ማንኛውንም የሕዝብ ጥቅም ያካተቱ የዘመናችን ዑለሞች መኖራቸው እውነት ነው። እኛ ግን የድሃው ድርሻ በግንብና በብረት እንዳይዋጥ የቀደሙት ዑለሞች ጥንቃቄ የተሻለ ነው እንላለን።

ታዲያ ገንዘቡን በታካሚው እጅ ከመስጠት ይልቅ ለሆስፒታሉ በቀጥታ መክፈል ቢፈለግስ? ታካሚው ወይም ሕጋዊ ተጠሪው «ስለ እኔ ተቀብላችሁ ክፈሉልኝ» ብሎ ውክልና ከሰጠ ተምሊኩ ይሟላል። አንድ ገጽ ወረቀትና ፊርማ በቂ ነው።

ሶደቃ ግን በሩ ሰፊ ነው። ለድሃውም፣ ለሕንፃውም፣ ለደመወዙም ይሆናል፤ ሙስሊም ላልሆነ ታካሚም ይሰጣል። በአንድ የሕሙማን ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ለተኙ የተለያየ እምነት ላላቸው ሰዎች ምግብና መድኃኒት ማቅረብ የሚፈልግ ጀማዓ ከሶደቃ ሒሳብ ማውጣት አለበት፤ ዘካ በብዙኃኑ ዑለሞች ዘንድ ለሙስሊም ችግረኞች የተወሰነ ነውና። ከባንክ ወለድ የተገኘ ገንዘብ ደግሞ በባለቤቱ እጅ መቅረት የለበትም፤ ምንዳን ሳያስቡ ለሕዝብ ጥቅም እንዲያወጡት በርካታ ዑለሞች ይመክራሉ፤ የሆስፒታል ዕቃ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ወቅፍ፦ ዛፉን ትቶ ፍሬውን

ወቅፍ ዋናው ሀብት እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍ ታስሮ ገቢው ብቻ ለበጎ ሥራ የሚውልበት ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን እንደሚያደርጉበት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቁ ጊዜ የተሰጣቸው ምክር ይህ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙስሊሞች ሆስፒታሎቻቸውን ለዘመናት ያቆሙት በዚህ መንገድ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሕሙማንን የመንከባከቡ ጅማሮ ከዚያም ቀላል ነበር። ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነበር የታከሙት፤ በሲራ መጽሐፍት አካሚዋ ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) እንደነበሩ ተጽፏል። ቆይቶ «ቢማሪስታን» የሚባሉ ቤቶች ተቋቋሙ፤ ቃሉ ፋርስኛ ሲሆን የሕሙማን ቦታ ማለት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አሕመድ ኢብኑ ጡሉን በግብፅ ባቋቋመው ቢማሪስታን ታካሚው ሲገባ ልብሱና ገንዘቡ በአደራ ይቀመጥለት ነበር። መዳኑ የሚታወቀው ደግሞ አንድ ዶሮና አንድ ዳቦ መብላት ሲችል ነው፤ ያኔ ዕቃው ተመልሶለት ይወጣል። የዛሬ ሐኪሞች በመለኪያው ይስቁ ይሆናል፤ ከታሪኩ የሚታየው ግን ድሃው የበላው በቤቱ ሳይሆን በሆስፒታሉ ወጪ መሆኑ ነው።

ኑሩዲን ዘንጊ በደማስቆ ያሠራው አን-ኑሪ ቢማሪስታን የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1154 ነው። ከአንደሉስ የመጣው ተጓዥ ኢብኑ ጁበይር በ1184 ጎብኝቶት ስለ አሠራሩ ጽፏል። የየቀኑ ወጪው አሥራ አምስት ዲናር ያህል ነበር። ተቆጣጣሪዎች የታካሚዎችን ስም፣ ለመድኃኒትና ለምግብ የወጣውን ወጪ በመዝገብ ይይዛሉ፤ ሐኪሞች በየማለዳው እየመጡ ሕሙማንን ያያሉ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን መድኃኒትና ምግብ ያዛሉ። ዛሬ የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን በቃል ብቻ የሚያስታውሱትን የተቀባይና የወጪ ዝርዝር ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበሩት ጽፈው ይይዙት ነበር።

ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ያሠራው አል-መንሱሪ ቢማሪስታን (1284) ከዚያም ይበልጣል። ቀላውን ገና አሚር ሳለ ደማስቆ ውስጥ ታሞ ከኑሪ ቢማሪስታን በመጣ መድኃኒት በመዳኑ ተመሳሳዩን ለመሥራት ተስሎ እንደነበር ይተረካል። የወቅፉ ሰነድ ቤቱ ለሀብታምና ለድሃ፣ ለወንድና ለሴት እንዲሆን ይደነግጋል። ከወቅፉ ሀብት በሚገኘው ገቢ ሐኪሞች፣ የዓይን ሐኪሞች፣ አስታማሚዎችና የጽዳት ሠራተኞች ይከፈላቸው ነበር፤ የሐኪሞች አለቃ ተማሪዎችን የሚያስተምርበት ስፍራም ተመድቦ ነበር። ይሁን እንጂ የታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ እንደዘገበው፣ ግንባታው በግዴታ ሥራ በመካሄዱ በግቢው ውስጥ መስገድን የጠሉ ዑለሞች ነበሩ። ሕሙማንን ማዳን የገንዘቡን ወይም የጉልበቱን ምንጭ ሐላል አያደርግም ማለታቸው ነው።

ምርምሩስ? የደማስቆው ሐኪም ሙሀዘቡዲን አድ-ደኽዋር (እ.ኤ.አ በ1230 የሞተ) የገዛ ቤቱን ለሕክምና ትምህርት ወቅፍ አድርጎ ለመምህሩና ለተማሪዎቹ የሚሆን ገቢ መደበለት። ከእርሱ ከተማሩት አንዱ ኢብኑ ነፊስ ነው። ኢብኑ ነፊስ ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ ወደ ግራው እንደሚመለስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎ አስቀምጧል፤ አውሮፓውያን ይህን የጻፉት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1288 ሲሞት ቤቱንና የመጻሕፍት ስብስቡን ለአል-መንሱሪ ቢማሪስታን ተወ። በወቅፍ የተማረ ሰው ወቅፍ ትቶ አለፈ።

ላሆርና ካይሮ

በዘመናችን በሕዝብ መዋጮ ከሚሠሩት ሆስፒታሎች በፓኪስታን ላሆር የሚገኘው ሸውከት ኻኑም የካንሰር ሆስፒታል አንዱ ነው። የክሪኬት ተጫዋቹ ኢምራን ኻን እናታቸው በ1985 በካንሰር ከሞቱ በኋላ ያቋቋሙት ሲሆን የተከፈተው በዲሴምበር 1994 ነው። ባለሙያዎች በነፃ የሚያክም የካንሰር ሆስፒታል ሊቆም አይችልም ብለዋቸው ነበር። ኢምራን በየከተማው እየዞሩ ከተማሪው፣ ከነጋዴው፣ ከወዛደሩ ለመኑ። ዛሬ ሆስፒታሉ ከታካሚዎቹ ሰባ አምስት በመቶ የሚሆኑት የገንዘብ ድጋፍ እንደሚያገኙ ይገልጻል። ዘካው ለሚገባቸው ታካሚዎች ሕክምና ብቻ ይውላል፤ የካንሰር መዝገብ፣ የሐኪሞች ሥልጠናና ምርምርም አለው። በ2015 ፔሻዋር ላይ ሁለተኛውን ከፍቷል።

ከዚህ ሆስፒታል ከባዱ ትምህርት ሌላ ነው። ሁሉንም አይቀበልም፤ በመጀመሪያ ምርመራ ለይቶ በሽታው ገና ሊድን የሚችልበትን ያስቀድማል። ለዘገየው ታካሚ ቤተሰብ ይህ መራራ ነው። ነገር ግን የተሰበሰበው ገንዘብ ውስን እስከሆነ ድረስ አንድ ሰው መምረጡ አይቀርም፤ በይፋ በተቀመጠ መስፈርት ሐኪም ቢመርጥ፣ ወይም ደግሞ ያለ መስፈርት፣ ፎቶው የሚያሳዝነው ወይም ዘመድ የበዛለት ቢመረጥ። እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን።

በካይሮ ያለው የሕፃናት የካንሰር ሆስፒታል በ2007 ተከፈተ። ሕዝቡ የሚያውቀው 57357 በሚል ነው፤ ይህ የሆስፒታሉ ስም የሆነው የመዋጮው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። ሕፃናት በነፃ ይታከሙበታል፤ በረመዳን በቴሌቪዥን የሚያስነግረው ማስታወቂያ ብዙ ነው። በ2018 ግን ደራሲው ወሒድ ሐሚድ ለማስታወቂያና ለደመወዝ ስለሚወጣው ወጪ በጋዜጣ ጥያቄ አነሱ፤ መንግሥትም መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በ2022 ደግሞ መዋጮው ቀንሶ የጠንጣ ከተማ ቅርንጫፉ ተዘጋ። ዋና ሀብቱ ያልታሰረለት፣ በየወሩ መዋጮ የሚኖር ተቋም የኑሮ ውድነት ሲመጣ በመጀመሪያ ይናወጣል። ወቅፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በበጎ አድራጎት የቆመ የሕክምና ምርምር ለማየት አዲስ አበባ ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 (እ.ኤ.አ) ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ይገኙበታል። በሥጋ ደዌ ምርምር የጀመረ ሲሆን ዛሬ በጤና ሚኒስቴር ሥር ነው። የሩቅ አገር ሰዎች ባዋጡት ገንዘብ የተጀመረው ምርምር ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጥሏል። የእኛ ባለሀብቶች ለመስጂድ ምንጣፍ ከሚያወጡት ጥቂቱን ለአንድ የሙስሊም ወይም ሌላ ተማሪ የሕክምና ምርምር ቢመድቡት ሶደቃ መሆኑ አይጠፋም።

የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር የሚመጣው ታካሚ ትልቁ ችግሩ ማደሪያ ነበር፤ አሁንም ለብዙዎች እንደዚያው ነው። ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል፤ አልጋ ተከራይቶ ተራ መጠበቅ የማይችለው ሰው ሕክምናውን አቋርጦ ይመለሳል። በ2004 (እ.ኤ.አ) የተቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ በማዘጋጀት ይታወቃል። አንድ ቤት ወቅፍ ማድረግ የሚችል ሰው ካለ ከዚህ የተሻለ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል። ወርኃዊ ኪራዩ ለሕሙማን እንዲውል ማድረግም ይችላል፤ ቤቱ ራሱ ማረፊያ ቢሆንም ይሆናል።

በገጠር ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። መክፈል ለማይችል ድሃ ቤተሰብ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ቢኖርም ከዝርዝሩ የሚቀሩ አሉ። ለእነዚህ የዓመቱን መዋጮ መክፈል፣ ሰው ታሞ ከተኛ በኋላ ከሚሰበሰበው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ገንዘብ ነው።

ስለ አስተዳደር ወጪ አንድ ነገር እንጨምር። ሰጪዎቻችን «እያንዳንዱ ብር ታካሚው ጋ ይድረስ» ይላሉ። መልካም ነው፤ ግን መድኃኒቱን የምትወጋው ነርስም ቤተሰብ አላት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር በቀጥታ ያልተያያዘው የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሰጪ መጠየቅ ያለበት ወጪው መኖሩን ሳይሆን መጠኑን፣ ከየትኛው ሒሳብ እንደሚወጣ እና ኦዲት መደረጉን ነው።

ታካሚው ቢሞት የተረፈው ገንዘብ የማን ነው?

ይህ በየጊዜው የሚነሳና ቤተሰብን ከኮሚቴ የሚያጣላ ጉዳይ ነው። ዘካ ሆኖ በሕይወት ሳለ ታካሚው እጅ ወይም በወኪሉ እጅ ከገባ ንብረቱ ሆኗል፤ ዕዳው ተከፍሎ የቀረው ለወራሾቹ ነው። ገና በሰብሳቢው እጅ ካለ ግን ሰብሳቢው የሰጪዎች ወኪል ነውና ዘካ ለሚገባው ሌላ ሰው ያስተላልፈዋል፤ ወራሾች በውርስ አይጠይቁበትም። ሶደቃ ከሆነ የሚታየው የሰጪዎች ኒያ ነው፦ «ለሕክምናው» ብለው የሰጡ ከሆነ ተመላሽ ይደረግላቸዋል፤ ማንነታቸው ካልታወቀ ወይም ብዙ ከሆኑ ለተመሳሳይ ታካሚ ይዛወራል። ጭቅጭቁን ከወዲሁ ለማስቀረት ሰብሳቢው በማስታወቂያው ላይ «ከሕክምናው የተረፈ ገንዘብ ለሌላ ሕመምተኛ ይውላል» ብሎ መጻፍ፣ ሰጪውም በባንክ ማስተላለፊያው ምክንያት ቦታ ላይ «ዘካ» ወይም «ሶደቃ» ብሎ መሙላት ይበቃል።