ዓባይና አባይ



በቋንቋችን በጆሮ ሲሰሙ እጅግ የሚቀራረቡ፣ በትርጓሜ ግን ፈጽሞ የሚራራቁ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው በዐይኑ ዓ የሚጻፈው ዓባይ ነው፤ እርሱም የታላቁ ወንዛችን ስም ነው። ሁለተኛው በአልፋው አ የሚጻፈው አባይ ነው፤ እርሱም ሐሰተኛና አታላይ ማለት ነው።

ምንጫቸው ሲመረመር፣ የወንዙ ስም ዐቢይ ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ይኸውም ታላቅ ማለት ሲሆን ለሴት ዐባይ ይባላል። የአታላዩ ስም ግን አበለ ከሚለው ግስ ይወጣል። ገደለ ብሎ ገዳይ፣ በደለ ብሎ በዳይ እንደሚባል፣ አበለ ብሎ አባይ ይባላል። ሰው ቃሉን ሲያጸና «አላብልም» ማለቱ፣ ሐሰተኛውንም ጠንቋይ «አባይ ጠንቋይ» ብሎ መጥራቱ ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሁለቱ ቃላት በታሪክ የተገናኙበት ስፍራ ቢኖር ግሽ ዓባይ ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን፣ በሰከላ ወረዳ ወደሚገኘው ወደዚህ ምንጭ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1618 ዓ.ም. የእስፓኙ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር በሄደ ጊዜ ደርሶ ያየውን ጻፈ። በ1770 ዓ.ም. የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ እዚያው ደረሰ። በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም ፓኤዝ ከምንጩ አልደረሰም ብሎ በመከራከር፣ የፊተኛነቱን ክብር ለራሱ አደረገ፤ በሞት የተለየውንም ሰው አባይ አሰኘው። የፓኤዝ የራሱ መጽሐፍ ግን በ1905 እና በ1906 ዓ.ም. ታትሞ ምስክርነቱ በአደባባይ ቆመ።

ነገሩን የሚያስደንቀው፣ ብሩስ ራሱ በ1774 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ሲመለስ ስለ ኢትዮጵያ ያወራው ብዙ እውነት እንደ ሐሰት ተቈጥሮ መሣለቂያ መሆኑ ነው። በሰፈረው ቍና ተሰፈረ።

ይሁን እንጂ ምንጩን ከሁለቱም አስቀድመው ያወቁትና ያከበሩት በዙሪያው የሚኖሩት አገዎች ነበሩ። ባለቤቱ ያልጠፋበትን ነገር «እኔ አገኘሁት» ማለትም ከእብለት ወገን ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አባይነት በሚዛንና በገንዘብ ብቻ የሚሠራ አይምሰልህ። የጓደኛውን ድካም በራሱ ፊርማ ለአለቃው የሚያቀርብ ሠራተኛም ከዚሁ ስም አያመልጥም። ዓንና አን ለይቶ መጻፍ የጸሓፊ ተግባር ነው፤ የራስን ሥራ ከሌላው ሥራ ለይቶ መናገር ግን የሁላችንም ግዴታ ነው።